ቅርንጫፉ እስኪውለበለብ

የበደለችኝ የመሥሪያ ቤቶች ሴቶች ቡድን መሪ የነበረችው ታይፒስት ናት። የበደለችኝም በደርግ ጊዜ፣ ጂንካ ላይ የአውራጃው የቀስት ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ በተደረገበት ዓመት፣ ማሽላው ታጭዶ ባለቀበት ሰሞን፣ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ስሟን አልጽፍም። እዚህ ከተማ በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃታል፤ ለማያውቃት ደግሞ ስሟ ምን ይሠራለታል። ዛሬም ገበያ ላይ ስንገናኝ ሰላም ትለኛለች፣ እኔም እመልስላታለሁ። የሚያየን ሰው ወዳጆች ነን ብሎ ሊያስብ ይችላል።

ይህን ነገር ለልጆች ስነግራቸው ይስቃሉ። «በቀስት ጨዋታ ነው ይህን ሁሉ ዘመን ቂም የያዝሽው?» ይሉኛል። በቀስት አይደለም። በቀስት ብትበልጠኝ ኖሮ እጇን ጨብጬ እመለስ ነበር። የበለጠችኝ በትሕትና ነው፤ በእኔው ትሕትና። ይህን ደግሞ ማስረዳት አለብኝ፤ ካላስረዳሁ እውነትም ስለ ጨዋታ ይመስላል።

በዚያ ዓመት የባህል ስፖርት ይስፋፋ የሚል መመሪያ መጣ። ሌላው አገር ገናና ትግል ሲመርጥ፣ የእኛ የስፖርት አስተማሪ ቀስትን መረጠ። ቀጭን ሰው ነበር፤ ፊሽካው ሲተኛም ከአንገቱ የሚወርድ አይመስለኝም። ሜዳ ላይ ቆሞ መወርወርን ናቀው። እየተጓዙ የሚወረወርበት መንገድ ራሱ አወጣ። መነሻው ከከተማችን መሀል ካለው የአውሮፕላን ማረፊያ አንደኛው ጫፍ ነበር። ከዚያ ወደ ነሪ ወንዝ ይወርዳል፣ ወንዙን ተሻግሮ የአሪ ገበሬዎችን የእንሰትና የጎደሬ ጓሮ አቋርጦ ይወጣል፣ ዞሮ ዞሮ ደግሞ በሌላኛው ወገን አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ያልቃል። በመንገዱ ላይ ዘጠኝ ዒላማ አቆመ። ዒላማው የበቆሎ ገለባ የታጨቀበት ጆንያ ሆኖ በከሰል ክብ ክብ ተሠርቶበታል፤ በእያንዳንዱ ዒላማ አጠገብ አንድ ዳኛ ተቀምጦ ነጥቡን ይጠራል። አንድ ቡድን አራት ሰው ነው፣ ለአንድ ሰው ሦስት ቀስት። ከጠፋ ጠፋ፣ ምትክ የለም።

ሰውየው ከቀስቱ ይልቅ የሚጨነቀው ቡድኖቹ በመንገድ ላይ እንዴት እንደሚተላለፉ ነበር። አንደኛው ሲወረውር ሌላው ፊቱ እንዳይደርስ ፈርቷል፤ ስለዚህ ደንብ አወጣ። ከፊት ያለው ቡድን ቀስቱን ነቅሎ እስኪጨርስ ከኋላ ያለው ከመጠበቂያው ዛፍ አያልፍም። ደጋን አይስብም፣ አይጮኽም፣ «ፍጠኑ» አይልም። የፊተኞቹ ሲጨርሱ ከመካከላቸው አንዷ ቅጠል ያለበት ቅርንጫፍ ታውለበልባለች፤ ያኔ ይታለፋል። ቀስት የጠፋበት ቡድን ፍለጋው ከረዘመ ከኋላው ያለውን ያሳልፋል። ያለፈው ደግሞ መንገዱን ይቀጥላል እንጂ ያሳለፈውን ሰው አያስጠብቅም። ይቺን የመጨረሻዋን ሲናገር ጣቱን ቀስሮ ነበር። ታይፒስቷ ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ ራሷን ስትነቀንቅ አይቻታለሁ።

አንድ ሌላ ነገርም ነበር። ያን ጊዜ አውሮፕላን ሊያርፍ ሲል ዘበኛው ዛፍ ላይ የተንጠለጠለውን የመኪና ቸርኬ በብረት ይደበድባል። ሜዳው ላይ የሚግጡት ከብቶች ይባረራሉ፣ ሰውም አይሻገርም። ዘጠነኛው ዒላማ የቆመው እዚያው ሜዳ ዳር ስለሆነ፣ ቸርኬው ከተመታ በኋላ አንድም ቀስት አይወረወርም ተባለ። በውድድሩ ቀን አውሮፕላን እንዳለ ሁላችንም አውቀናል። ስንት ሰዓት እንደሚመጣ ግን ከደመናው በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ያሸነፈው የሴቶች ቡድን በጭነት መኪና ተጭኖ አርባ ምንጭ ለክፍለ ሀገሩ ውድድር ይሄዳል። እኔ ያን መኪና እፈልገው ነበር። ምክንያቱን ያን ጊዜ ለማንም አልተናገርኩም፣ አሁን እናገራለሁ። ታላቅ እህቴ አርባ ምንጭ ነበረች። በልጅነቷ ተድራ ከሄደች ወዲህ አላየኋትም። ባሏ ወታደር ነው፤ ወደ አስመራ ተዛውረው በቅርቡ ሊሄዱ እንደሆነ በሾፌር መልእክት ልካልኝ ነበር። በዚያ ዘመን ከከተማ ለመውጣት የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል። ቀበሌ ሄጄ ጠይቄ፣ «እህት ማየት ጉዳይ አይደለም፣ ጓድ» ተብዬ ተመልሻለሁ። ለተወዳዳሪ ግን ወረቀት አይጠየቅም። መኪናው ላይ ከወጣሁ አያታለሁ፤ ካልወጣሁ አላያትም። ነገሩ ይኸው ነው።

እኔ የቀበሌ ሱቅ ሻጭ ነበርኩ። የቀበሌው ሴቶች ማኅበር ቡድን ሲያቋቁም መሪ አደረጉኝ፤ ሱቅ ውስጥ ሰው ማሰለፍ ስለለመድኩ ይመስለኛል። ከእኔ ጋር አንዲት ቅቤ ነጋዴ፣ አንዲት የሸማኔ ልጅና የትምህርት ቤት ጽዳት ሠራተኛ የነበረች የበና ልጅ ተመደቡ። ቅቤ ነጋዴዋ ግዙፍ፣ ሳቂታ፣ ትእዛዝ የማትወድ ሴት ነበረች። እኔን «ጓድ መሪ» እያለች ነበር የምትጠራኝ፤ ስትለውም ሁልጊዜ ቅንድቧ ይነሳል። የሸማኔዋ ልጅ ብዙ አትናገርም፣ ግን መሐል ለመሐል ትመታለች። የበናዋ ልጅ ግን ሌላ ነበረች። ወንድሞቿ ከከብት አንገት የሚጠጡትን ደም የሚቀዱት በቀስት ነው። ሴት ልጅ ደጋን አትነካም ሲሏት እየሰረቀች ነው የተማረችው። አማርኛዋ አጭር ነበር። መጀመሪያ ቀን ጆንያውን አይታ፣ «ከብት ይነቃነቃል። ይሄ የት ይሄዳል?» አለችና ሦስቱንም ቀስት መሐሉ ላይ ደረደረቻቸው። ቅቤ ነጋዴዋ አፏን በነጠላዋ ይዛ፣ «ጓድ መሪ፣ እኛ እንቀመጥና እሷ ብቻዋን ትሂድልን» አለች።

ሁልጊዜ ከሥራ በፊት ጤዛው ሳይደርቅ ሜዳው ዳር እንለማመድ ነበር። የደጋኑ ጅማት ክንዴን ይልጠው ነበር። ሌሊት እጄን ወደ ላይ አድርጌ እተኛለሁ። ያንን ሕመም እንኳ ወደድኩት። ዕድሜዬን በሙሉ ስኳርና ጨው መዝኜ፣ አንድ ነገር ከእጄ ወጥቶ ሩቅ ሄዶ የፈለግሁበት ቦታ ሲሰካ ያየሁት ያኔ ነው። ሲሰካ ድምፅ አለው። ጆንያው «ጡፍ» ይላል። ያ ድምፅ አሁንም ደረቴ ውስጥ አለ።

በውድድሩ ቀን ከተማው ሁሉ ወጣ። ዕጣ ሲወጣ እኛ አንደኛ፣ የታይፒስቷ ቡድን ሁለተኛ ደረሰን። ሌሎቹ ተከተሉ። ከገዘር የመጡት የገበሬ ማኅበር አዛውንቶች መጨረሻ ሆኑ፤ እሱ በዕጣ አልነበረም። አስተማሪው ልምምዳቸውን አይቶ ነው ዳር ያስያዛቸው። አዛውንቶቹ ከእያንዳንዱ ዒላማ ፊት ቁጭ ብለው ይመካከራሉ፣ ነፋሱን ያሸታሉ፣ የሚያልፈውን ሰው ሁሉ የቤተሰቡን ጤና እስከ ከብቶቹ ድረስ ይጠይቃሉ፣ ከዚያ ተነሥተው ይመታሉ። አይስቱም። ግን ከኋላቸው የቆመ ሰው ያረጃል።

ፊሽካው ተነፋ። የመጀመሪያውን ዒላማ የበናዋ ልጅ ከፈተችው። ዳኛው «መሐል» አለ። ሁለተኛው፣ «መሐል»። ሦስተኛው፣ «መሐል»። ሕዝቡ እልል አለ። እኔ ሁለቱን አገባሁ። ቀስታችንን ነቅለን ቅርንጫፉን አውለበለብኩና ወደ ሁለተኛው ሮጥን። መሮጥ አያስፈልግም ነበር። ግን እግራችን ቀስ ማለትን እምቢ አለ። ቅቤ ነጋዴዋ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ከኋላ እየተንጎማለለች፣ «ጓድ መሪ፣ ጆንያው አያመልጥም ተብሏል እኮ» ትላለች። እየሳቅን ነው የሮጥነው። ሳቅ ደግሞ ክንድ ያላላል፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ዒላማ ላይ ከልምምዳችን የተሻለ መታን። በሕይወቴ እንደዚያች ጠዋት ቀልሎኝ አያውቅም።

አራተኛው ዒላማ ነሪ ዳር፣ ከወንዙ ማዶ ቆሞ ነበር። በውኃው ላይ አሻግሮ መወርወር ነው። የቅቤ ነጋዴዋ ሁለተኛ ቀስት ከጆንያው በላይ አልፎ ማዶ ሣር ውስጥ ገባ። ቀሚሳችንን ሰብስበን ተሻገርንና እንፈልግ ጀመር። ሣሩ እስከ ጡት ይደርሳል። ጎንበስ ብለን፣ በእግራችን እየዳሰስን ፈለግን። ዞር ስል የታይፒስቷ ቡድን መጠበቂያው ዛፍ ሥር ቆሟል። ታይፒስቷ ጥቁር ጫማዋን በመሀረብ ትወለውላለች። ጸጥ ብላ ቆማለች፣ አልጮኸችም፣ «ፍጠኑ» አላለችም። ደንቡን ያከበረች ነበር የምትመስለው።

ፍለጋው ረዘመ። ቅቤ ነጋዴዋ ቀና ብላ፣ «ይጠብቁ፤ ሱቅ ላይ ስንት ጊዜ ተሰልፈን ጠብቀናል» አለችኝ። ደንብ ደንብ ነው ብዬ ቅርንጫፍ ቆርጬ አውለበለብኩላቸው። ወደ ጎን ወጣንላቸው። ወረወሩ፤ ደህና መቱ። ሲያልፉ ታይፒስቷ ክንዴን ያዝ አድርጋ፣

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እህትዋ። ውለታሽን አልረሳም» አለችኝ።

«ምን ውለታ አለው፣ ደንቡ ነው» አልኳት።

አልረሳችውም። ትንሽ ቆይቶ የሸማኔዋ ልጅ ቀስቱን እርጥብ አፈር ውስጥ ተተክሎ አገኘችው። አሁን እነሱ ከፊት፣ እኛ ከኋላ ሆንን። አምስተኛው ላይ ቅርንጫፉ በጊዜው ተውለበለበ። ስድስተኛው ላይ ስንደርስ ግን ገና ነበሩ። ዳኛው ካለፉት ዒላማዎች በልጆች የተላከውን ነጥብ እየሰማ፣ የቀበሌው ሴቶች እንደሚመሩ ጮክ ብሎ ለአንድ መንገደኛ ሲነግር ሰማነው። እኛ ከሰማን እሷም ሰምታለች። ዞር ብላ አየችኝና ፈገግ አለች። ቀስታቸውን ነቅለዋል። ቅርንጫፉ እጇ ላይ ነው። ግን አላውለበለበችውም። ከጫማዋ ጠጠር አወጣች። የሌላኛውን ጫማ ፈታች። ለጓደኛዋ የፀጉሯን መሸፈኛ አስተካከለችላት። እኛ ዛፉ ሥር ተደርድረን እናያለን።

«ያንን ቅጠል ልትበላው ነው?» አለች ቅቤ ነጋዴዋ።

«ዝም በይ፤ መጮኽ ያስቀጣል።»

«አልጮኽኩም፤ በጥሩ ሁኔታ ነው የጠየቅሁት።»

የበናዋ ልጅ ሰማዩን እያየች ነበር። ጥርት ብሏል፣ አንድ ደመና የለም። ሁላችንም ያየችውን አየን፤ ደመና ከሌለ አውሮፕላኑ አይዘገይም።

በመጨረሻ ቅርንጫፉ ተነሣ። ስድስተኛውን እንደ እሳት መታነው፤ የእኔ ሦስቱም ገቡ። ከዚያ ወደ ሰባተኛው ዳገቱን ወጣን። ሰባተኛው ዒላማ የቆመው አንዲት የአሪ አሮጊት ጓሮ ውስጥ ነው። መጠበቂያው በራቸው ላይ ካለው የእንሰት ጥላ ሥር ነበር። መንገዱ በእርሻቸው እንዲያልፍ የፈቀዱት እሳቸው ናቸው። አስተማሪው ከሁሉም በፊት ያስጠነቀቀን ስለዚህ ነገር ነበር፦ በሰው ጓሮ ነው የምታልፉት፤ ሰላምታ ሳትሰጡ፣ ያቀረቡላችሁን ሳትቀምሱ የሄዳችሁ እንደሆነ በሚቀጥለው ዓመት መንገድ የለንም። ይህ ለእኛ መነገር አያስፈልገውም ነበር። እዚህ አገር ትኩስ እህል የቀረበለት ሰው ቆሞ አይበላም፣ ሳይበላም አይነሣም፣ ባለቤቱም «ሂዱ» ሳይል አይሄድም።

ስንደርስ የታይፒስቷ ቡድን ቀስቱን ነቅሎ ሊሄድ ነው። ታይፒስቷ አሮጊቷን እጃቸውን ይዛ ታወራቸዋለች። አንገቷን ወደ እኛ ቀና አድርጋ ጠቆመች። ከዚያ ቅርንጫፉን ወዲያውኑ፣ ደስ እያላት አውለበለበችና ዳገቱን ወጣች። ቅርንጫፉ በፍጥነት ሲውለበለብ ደስ አለኝ። አፍራ ነው አልኩ። ይህን ሳስብ አሁንም ጥርሴን እነክሳለሁ።

አሮጊቷ በሁለት እጃቸው የእንሰት ቅጠል ይዘው መጡ። ቅጠሉ ላይ የተቀቀለ ጎደሬ ተከምሯል፤ እንፋሎቱ ፊታቸውን ሸፍኖታል።

«ቁጭ በሉ ልጆቼ። ያቺ ጫማዋ የሚያበራ ልጅ ነገረችኝ። እህቶቼ ከኋላ አሉ አለች። ከጠዋት እህል አልቀመሱም አለች። ሳይጠግቡ እንዳይለቋቸው አለችኝ።»

«እማማ፣ መወርወር አለብን» አልኩ።

«ይወረወራል። ጆንያው አለ» አሉ፤ ቁርበትም አነጠፉ። የሰባተኛው ዒላማ ዳኛ ራሱ ከጆንያው አጠገብ ቁጭ ብሎ ጎደሬ ይልጣል። አፉ ሞልቶ ስለነበር በእጁ ነው ሰላም ያለን።

ቅቤ ነጋዴዋ ጆሮዬ ላይ ጠጋ አለች። «እኔ ለአራታችንም እበላለሁ። እናንተ ሂዱ።» የሚቻል ቢሆን ትቻት እሄድ ነበር። ግን ቡድን ሳይጎድል አራት ሆኖ ካልሄደ አይቆጠርም። ተቀመጥን። ሙቅ ጎደሬ በልታችሁ የምታውቁ ትረዱኛላችሁ። ከላይ የቀዘቀዘ ይመስላል፣ ሲቆረስ ውስጡ እሳት ነው። አይዋጥም፣ አይተፋም። ከአፍ ወደ እጅ፣ ከእጅ ወደ አፍ ነው። እኛ እፍ እንላለን፣ አሮጊቷ ይመርቁናል፤ ይጨምሩልናል። ቅቤ ነጋዴዋ ዓይኗ እንባ ሞልቶ፣ «እማማ፣ በዕድሜዬ እንደዚህ የጣፈጠ አልበላሁም፤ በዕድሜዬም እንደዚህ አልተቃጠልኩም» አለቻቸው። አሮጊቷ በጣም ደስ አላቸው። ሌላ ቅጠል ሊያመጡ ተነሡ። የበናዋ ልጅ ያን ጊዜ እጇን በእርጋታ አነሣች።

«አውሮፕላን» አለች።

ምንም አልሰማሁም። ከዚያ ሰማሁ። ገና ከተራራው ወዲያ ነው፣ እንደ ንብ። ተነሣሁ፣ የአሮጊቷን እጅ ሳምኩ፣ «እማማ፣ ይልቀቁን፣ እባክዎን» አልኩ። ፊቴን አይተው ደነገጡና፣ «ሂዱ፣ ሂዱ፣ ምነው ሳትነግሩኝ» አሉ። ሰባተኛውን በተቃጠለ ጣት ወረወርነው። የሸማኔዋ ልጅ አንድ ሳተች፤ የበናዋ ልጅ አልሳተችም። ስምንተኛውን እየሮጥን ደርሰን እያለከለክን መታን። ከኋላችን ቀስታችንን የነቀለችው ማን እንደሆነች አላስታውስም። ከዚያ ቁልቁለቱን እንደ ጎርፍ ወረድን። ድምፁ እላያችን ላይ ነበር። ቅቤ ነጋዴዋ ጫማዋን በእጇ ይዛ ከሁላችን ፊት ትሮጣለች፤ ያን ቀን ያየሁትን ሩጫ ሌላ ጊዜ ከእሷ አይቼ አላውቅም። ሜዳው ታየን። ዘጠነኛው ጆንያ ታየን። ደጋኔን ከትከሻዬ እያወረድኩ ነበር፣ ቸርኬው ተመታ።

ከብቶቹ ተባረሩ። ዘበኛው እጁን ዘርግቶ ቆመብን። አውሮፕላኑ በፊታችን ዝቅ ብሎ አረፈ፤ አቧራው ለበሰን። ዘጠነኛው ዒላማ ከእሱ ወዲያ ቆሞ ይታየኛል። ቀስቴ ጅማቱ ላይ ነው። የበናዋ ልጅ ደጋኗን መሬት ላይ አስቀምጣ ቁጭ አለች።

የእኛ ነጥብ ያለ ዘጠነኛው ዒላማ ተቆጠረ። የታይፒስቷ ቡድን በጥቂት በለጠን። ስምንቱን ብቻ ብትቆጥሩ እኛ ነን ያሸነፍነው፤ ይህን ዳኞቹም አልካዱም። ታይፒስቷ ሕዝቡ ፊት መጥታ ጉንጬን ሳመችና፣ ሁሉም እንዲሰማ፣

«እህትዋ፣ ጎደሬው ተስማማችሁ?» አለች።

ሰዉ ሳቀ። ለምን እንደዘገየን ቀድማ አውርታለች። ለሆዳቸው ቆመው መኪናው አመለጣቸው ብላለች። ቅቤ ነጋዴዋ፣ «ተስማምቶናል፤ ላንቺም የተረፈ አለ፣ ትኩሱን» አለቻት። ሰዉ ለዚያም ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅሁም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሱቅ ስገባ «ጎደሬዎቹ» የሚል ሰው አልጠፋም፤ ለስንት ጊዜ።

ወደ አስተማሪው ሄድኩ። ያለፈ ቡድን ያሳለፈውን አያስጠብቅም ብለህ አልነበረም ወይ፣ ስድስተኛው ላይ አስጠበቀችን፣ ሰባተኛው ላይ ሴትዮዋን ነግራ አስያዘችን አልኩት። ፊሽካውን በእጁ እያዞረ ሰማኝ። ክፉ ሰው አልነበረም።

«ስድስተኛው ላይ ጫማዋን ነው ያስተካከለችው፣ ዳኛው አይቷል» አለኝ። «ሰባተኛውን በተመለከተ ደንቡ ስለ ጎደሬ አይናገርም።»

መኪናው ሰኞ ጠዋት ሄደ። ሱቁ በር ላይ ቆሜ ሲያልፍ አየሁት። ታይፒስቷ ከፊት ከሾፌሩ አጠገብ ተቀምጣለች። እጇን በመስኮቱ አውጥታ አወዛወዘችልኝ። እህቴ ወደ አስመራ ሄደች። ከዚያ በኋላ አልተገናኘንም። ስለ እሷ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

በሚቀጥለው ዓመት አልተወዳደርኩም። አስተማሪው የመንገድ ተቆጣጣሪ ሲፈልግ እጄን አወጣሁ። ደንቡን ከእኔ በላይ የሚያውቅ ስላልነበረ ተቀበለኝ። በዚያ ዓመት ዕጣው ቀርቶ የቡድኖቹን ተራ የምታወጣው ተቆጣጣሪዋ ነበረች። የእኔን የድሮ ቡድን አንደኛ ለቀቅሁት፤ በእኔ ቦታ ሌላ ሴት ገብታለች፣ መሪዋ የበናዋ ልጅ ናት። ሌሎቹን ቡድኖች አስከተልኩ። ከእነሱ በኋላ የገዘርን አዛውንቶች። ከአዛውንቶቹ በኋላ፣ መጨረሻ ላይ፣ የታይፒስቷን ቡድን።

ሦስተኛው ዒላማ ላይ ወደ እኔ መጣች። አዛውንቶቹ ቁጭ ብለው ከአንድ በቅሎ ጫኝ ጋር ስለ ማሽላ ይነጋገሩ ነበር።

«እህትዋ፣ አሳልፉን በያቸው እንጂ።»

«ቀስት ጠፋባቸው?» አልኳት።

«አልጠፋባቸውም።»

«ቅርንጫፉ ተውለበለበ?»

«አልተውለበለበም፤ ምን ሊያውለበልቡት ነው፣ እያወሩ እኮ ነው።»

«ደንቡ ስለ ወሬ አይናገርም» አልኳት።

የታይፒስቷ ቡድን ገና ስድስተኛው ዒላማ ላይ ሳለ ቸርኬው ተመታ። አርባ ምንጭ የበናዋ ልጅ ቡድን ሄደ። አዛውንቶቹ ሲመሽ ተመልሰው ስለ መልካም አያያዜ አመሰገኑኝ። እኔ በተቆጣጣሪነት የያዝኩትን ቅርንጫፍ ለዘበኛው ሰጥቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ። የዘፈዘፍኩት ልብስ ነበር፤ አጠብኩት።